ልጆች ይዞ ደጅ መውጣት፦ ወጥተን ምን እናድርግ?

የጀሞዋ እናት | መስከረም 22፣ 2017

ሰላም ቤተሰብ፤ በዓሉን በሰላም አሳለፋችሁ?

ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ወንዱ 7 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 4። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ "ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው" እያልኩ ስልክና ቴሌቪዥን ለቀቅኩላቸው። አሁን ፀሐይ ወጥታ፣ አገሩ ሁሉ ለምልሞ "ኑ እስኪ ደጅ እንውጣ" ስላቸው ትልቁ ቀና እንኳን ሳይል "ወጥተን ምን እናደርጋለን?" አለኝ። መልስ አጣሁ። እኔ በሱ ዕድሜ እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ እናቴ ግቢ ብላ ነበር የምትለምነኝ።

ባለፈው እሑድ አንድ መዝናኛ ቦታ ወሰድኳቸው። የመግቢያ፣ የመጫወቻ፣ የቺፕስ፣ የጭማቂ እየተባለ የወጣው ብር አይነሳ። ሁለቱም ሲነጫነጩ ዋሉ። ስንመለስ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ልጅቷ ጥላኝ ሄዳ ከድንጋይ ንጣፉ ዳር ቁጢጥ ብላ አገኘኋት። ጉንዳን ነው የምታየው። ሰልፉ እስኪደርሰን 20 ደቂቃ ያህል አልተነጫነጨችም፣ ስልክም አልጠየቀችም። ያን ሁሉ ብር አውጥቼ የወደደችው እሱን ሆነ።

ግቢያችን ትንሽ ሣር አለው፣ ከአጥሩ ሥር ቁጥቋጦ፣ ሁለት ግራቪሊያ ዛፍ። የት ልውሰዳቸው አይደለም ጥያቄዬ። እዚያው ወርደን ምን እናድርግ?

ብሎክ 14 | መስከረም 22

እኔም መልሱን ልጠብቅ ቁጭ ብያለሁ። የኛ ግቢ ሣርማ የመኪና ማቆሚያ ከሆነ ሰነበተ።

የኬጂ መምህርት | መስከረም 22

እህቴ፣ መልሱን እኮ ልጅሽ ነግራሻለች። ጉንዳኗን ተከተያት።

እኔ ክፍል ውስጥ ያሉትን ልጆች ይዤ የምሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የጉንዳን መንገድ እንፈልጋለን፤ በደረቅ ቀን አጥር ሥር አይጠፋም። ከመንገዱ አንድ እርምጃ ያህል ርቀን ሦስት ቅጠል እናስቀምጣለን። አንዱ ላይ ቆንጠር ያለ ስኳር፣ አንዱ ላይ ጨው፣ አንዱ ላይ ዘይት የነካ የዳቦ ፍርፋሪ። ከዚያ ሁሉም ይገምታል፦ የቱ ጋ ቀድመው ይመጣሉ? ግምቱ ዋና ነገር ነው፤ የገመተ ልጅ ከቦታው አይነቃነቅም። መጀመሪያ አንዷ ጉንዳን ዞር ዞር ብላ ታገኘዋለች፣ ትመለሳለች፣ ትንሽ ቆይቶ ሰልፍ ይዘው ይመጣሉ። ሰልፉ ከጠና በኋላ መንገዳቸውን በእርጥብ ጣት አንድ ጊዜ ብቻ አቋርጠሽ አብሽው። እዚያች መስመር ላይ ሲደርሱ ግራ ይገባቸዋል፤ ይቆማሉ፣ ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ። የሚሄዱት ሽታ ተከትለው ነዋ! የመጀመሪያዋ ያሰመረችውን ሽታ ነው አንቺ የጠረግሽባቸው። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ያገናኙታል። እኔ ስንት ዓመት አይቼው እስካሁን አልሰለቸኝም።

ሁለተኛው ነጭ ጨርቅ ነው። አሮጌ አንሶላ ወይም ያረጀ ነጠላ ከቁጥቋጦው ሥር ዘርጊና ቅርንጫፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅነቅ አድርጊው። ባዶ የመሰለሽ ቁጥቋጦ ሸረሪቱን፣ ጥንዚዛውን፣ ፌንጣውን፣ ስሙን የማታውቂውን ሁሉ ያራግፍልሻል። ይቆጥሩ፣ በእግር ብዛት ይለዩ (ስምንት እግር ያለው ሸረሪት ነው፣ ስድስት ያለው ሌላው)፣ ከዚያ ጨርቁን እዚያው ያራግፉ። ወደ ቤት የሚገባ የለም። ይህን ከመጀመሪያው ካልተስማማሽ አልጋ ሥር ፌንጣ ታገኛለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። አታስተምሪያቸው። ወላጆች ሲመጡ የማየው ችግር ይሄ ነው፤ ልጁ ገና አንገቱን ሲደፋ እናት "ይሄ ጉንዳን ይባላል፣ ጉንዳን ታታሪ ነው..." ብላ ስብከት ትጀምራለች። ልጁ ጉንዳኑን ትቶ የእናቱን ፊት ያያል። ቁጭ ብለሽ ዝም በይ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ሳይሰለቻቸው ግቡ።

የሐዋሳ ልጅ | መስከረም 23

ይቅርታ አድርጉልኝና እኛ ይሄ ሁሉ ዝግጅት ሳይኖር ነው ያደግነው። ጠዋት እንወጣለን፣ አጋም ለቅመን፣ ሾላ ላይ ወጥተን፣ ወድቀን፣ ተጣልተን፣ ታርቀን፣ ሲጨልም እንገባለን። እናቶቻችን "ቁጥቋጦ እንነቅንቅ" አላሉንም። ልጅን ልቀቁት፤ ራሱ ያገኘዋል።

ብሎክ 14 | መስከረም 23

ወዴት ነው የምለቀው ወንድሜ? ገልባጭ መኪና ሥር? አንተ ስትለቀቅ እኮ መንደሩ ሁሉ ይጠብቅህ ነበር። ብታጠፋ የጎረቤት እናት ገርፋህ ነበር የምትልክህ፤ እናትህም "ደግ አደረግሽ" ትላት ነበር። እኔ ፊት ለፊቴ ያለውን ጎረቤት ስም አላውቅም።

የሐዋሳ ልጅ | መስከረም 23

እሺ፣ እሱስ እውነት ነው። እጅ ሰጥቻለሁ 😄

ካሳ ይሁነኝ፦ ወደኛ ከመጣችሁ ልጆቹን በጠዋት አሞራ ገደል አምጧቸው፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲያስጠጉ። አባ ኮዳ እንደ ሽማግሌ ኮት ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መሰላችሁ ቆሞ ይጠብቃል። ከአራት ዓመት ልጅ ይረዝማል። አንጀት ሲወረወርለት ግን ሽምግልናው ሁሉ ይጠፋል! ዛፉ ላይ ደግሞ ጉሬዛ አለ። የኔ ልጆች እዚያ ሲሄዱ ይዘው የሚሄዱት አንድ ደብተርና እርሳስ ነው፤ ያዩትን ይሥላሉ። ሥዕሉ አባ ኮዳን አይመስልም፣ ግን ለመሣል ሲሉ አተኩረው ያያሉ።

ነርሷ | መስከረም 23

ደስ የሚል ክር ነው። እኔ የሕፃናት ክፍል ስለምሠራ ጥቂት ነገር ብዬ ልለፍ፤ ለማስፈራራት አይደለም።

ግንባታ ፍርስራሽ አጠገብ ነጭ፣ የጥሩምባ ቅርጽ ያለው አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው አረም ታያላችሁ፤ አጤ ፋሪስ ነው፣ አስተናግርም ይሉታል። ፍሬው መርዝ ነው። የጉሎ ፍሬም እንዲሁ፤ ዝንጉርጉር ሆኖ ስለሚያምር ልጆች ለእቃቃ ጨዋታ ይለቅሙታል፣ ትንሿ ደግሞ አፏ ውስጥ ትከተዋለች። አጥር የሚሆነው ቅንጭብ ሲሰበር የሚወጣው ወተት ዓይን ከገባ ከባድ ነው፤ ቶሎ በብዙ ውሃ ማጠብና ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። አባጨጓሬ፣ ያ ጸጉራሙ፣ በእጅ አይነካም፤ ያሳክካል። ልስልሱን ትል ቢነኩት ችግር የለም።

ሐይቅ ዳር የምትወስዱ፣ ጣናም ሐዋሳም ቢልሃርዚያ ስላለ እግራቸውን ውሃ ውስጥ አይንከሩ። የማያውቁትን ውሻ አያሻሹ። ድንገት ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ ሙሉ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ፤ "ክትባት ያለው ውሻ ነው" ቢሏችሁም።

ከዚህ በተረፈ ጭቃ ልብስ ነው የሚያበላሸው። ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ፣ ጫማ ያድርጉ፣ አለቀ።

ሲልቨር ስፕሪንግ | መስከረም 23

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ሜዳው አለ፣ ጫካው አለ፣ ልጁም አለ፣ አማርኛው ነው የሌለው። የኔ ልጅ 7 ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ "ና ብላ፣ ተኛ፣ ጫማህን አድርግ" ከሚለው ያለፈ አማርኛ አንጠቀምም ነበር ማለት ይቻላል። ጫካ ስንሄድ ግን ቃሉ ራሱ ይመጣል፦ ግንድ፣ ቅርፊት፣ ቅርንጫፍ፣ እሾህ፣ ጎድጓዳ፣ ሸካራ፣ ልስልስ። ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ዛፍ ያቅፋል፣ ይዳስሳል፣ ከዚያ ትንሽ አዙሬ አርቄው ዓይኑን ገልጦ "የቱ ነበር?" እለዋለሁ። የሚፈልገው በቅርፊቱ ነው። "ሸካራ ነው፣ ግን እዚህ ጋ ጎድጎድ ይላል" አለኝ አንድ ቀን። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰንበት ትምህርት ቤት አላገኘኋትም።

በ2021 እንደዚህ ሀገር አቆጣጠር፣ ሲካዳ የሚባሉት ነፍሳት ወጥተው ነበር። በ17 ዓመት አንዴ ከመሬት ሥር በሚሊዮን ወጥተው፣ ጮኸው፣ እንቁላል ጥለው፣ የሚያልቁ ናቸው። ያኔ ልጄ 4 ዓመቱ ነበር፤ ዛፍ ላይ ጥለውት የሚሄዱትን ቅርፊት እየለቀመ የቡና ቆርቆሮ ሞላ። አሁንም አልጋው ሥር አለ። በ2038 ሲመለሱ 21 ዓመቱ ይሆናል፤ ቀጠሮ ይዟል።

እዚህ ላላችሁ፦ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅለውን፣ ሲነኩት ቆዳ የሚያሳክከውን የፖይዝን አይቪ ቅጠል አሳዩአቸውና አይንኩ። ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ ከትታችሁ ውጡ፣ ስትመለሱ ከጆሮ ጀርባ፣ ከብብት፣ ከጉልበት ጀርባ መዥገር ፈልጉ። መዥገር የሚያስተላልፈው የላይም በሽታ ቀልድ አይደለም።

ጡረተኛው | መስከረም 24

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ሳነብ አመሸሁ። እኔም የማውቀውን ላዋጣ።

በልጅነቴ ጎጃም ቆሎ ተማሪ ነበርኩ። የኔታ ሰዓት አልነበራቸውም። ፀሐይ ላይ ቆመው የጥላቸውን ጫፍ በዓይናቸው ይዘው በጫማቸው ይለኩታል፤ "ይህን ያህል ጫማ ሆኗል" ብለው ሰዓቱን ያውቁታል። እኛም እየተደበቅን በየራሳችን ጥላ እንሞክር ነበር። አጭሩም ረጅሙም ልጅ የሚያገኘው ቁጥር መቀራረቡ በጣም ያስገርመን ነበር፤ አጭር ሰው ጥላውም አጭር፣ ጫማውም አጭር መሆኑ ኋላ ነው የገባን።

ለልጅሽ ይህን አድርጊለት። አንድ ሜትር ከመሬት በላይ የሚቆም ቀጥ ያለ እንጨት ሜዳ ላይ ትከሉ። ቀጥ ማለቱን በቱንቢ ያረጋግጥ፤ ክር ጫፍ ላይ ድንጋይ ማሰር ነው። ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 7 ሰዓት፣ በየ10 ደቂቃው የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ያስቀምጥ። ጥላው ከሁሉ ያጠረባት ጠጠር ቀትር ናት፤ በዚህ ሰሞን አዲስ አበባ ላይ 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትሆናለች። ከእንጨቱ ወደ እሷ የሚሄደው መስመር ሰሜንን ያሳየዋል።

አሁን ደግሞ ጉዱን ስሙ። ታኅሣሥ 12 ገደማ ያ እንጨት ቀትር ላይ 63 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ሰኔ አጋማሽ ላይ ፀሐይ በኛ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ጥላው ተገልብጦ ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ 25 ያህል ሆኖ። በመካከሉ፣ ሚያዝያ 5 ገደማና ነሐሴ 23 ገደማ፣ ቀትር ላይ ጥላው እንጨቱ ሥር ይጠፋል። የነሐሴውን ደመና ይጋርዳችኋል፤ የሚያዝያውን ግን እንዳያመልጣችሁ።

ሜሪላንድ ያለሽው ልጄ፣ እናንተ ዘንድ ጥላ ቀትር ላይ መቼም ወደ ደቡብ አይዞርም። ልጅሽ እዚያ፣ የዚችኛዋ ልጅ እዚህ፣ በአንድ ቀን ቢለኩ ምን ይመስላችኋል?

ሲልቨር ስፕሪንግ | መስከረም 24

ጋሼ፣ እሑድ እንሞክራለን!

ሱሉልታ | መስከረም 25

ሰሞኑን ከከተማ ወጣ የምትሉ ካላችሁ አትዘግዩ፤ አደይ አበባው ሊረግፍ ነው። ብዙዎቻችን የመስቀል ወፍ የምንለውም አሁን ነው የሚታየው። ልጆቼ "ሌላ ጊዜ የት ይሄዳል?" ሲሉኝ ለረጅም ጊዜ "ይሰደዳል" እያልኩ አሳስቻቸዋለሁ። የትም አይሄድም። ዓመቱን ሙሉ እንደ ድንቢጥ ቡላ ሆኖ እዚያው ሣር ውስጥ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ የመራቢያው ጊዜ ስለሆነ ወንዱ የሠርግ ልብሱን ይለብሳል። አደዩም እንዲሁ፣ ዘሩ አፈሩ ውስጥ ነበር። አሁን የበሰለውን የአደይ ዘር ለቅመን በፖስታ አሽገን አስቀምጠናል፤ ሰኔ ላይ በረንዳ ላይ ሃይላንድ ቆርጠን እንዘራዋለን። ይብቀል አይብቀል እናያለን።

ብሎክ 14 | መስከረም 27

ትናንት የመምህርቷን አንሶላ ይዤ ወረድኩ። ገና ዘርግቼ ሳልጨርስ የግቢው ጥበቃ "ሣሩ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው" ብሎ አስነሳን። መኪና ግን ሣሩ ላይ ይቆማል! ኮሚቴ ዘንድ ልሂድ ወይስ ልተወው?

የኬጂ መምህርት | መስከረም 27

ኮሚቴውን ተዪውና ጥበቃውን ጥሪው። እውነቴን ነው። እኛም ጋ እንዲህ ያለ ዘበኛ ነበር። ልጆቹ አንድ ቀን "አባባ፣ ይሄ ምንድነው?" ብለው ጥንዚዛ አሳዩት። ገጠር ነው ያደገው፤ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ራሱ ነው ቦታ የሚይዝልን።

የጀሞዋ እናት | ጥቅምት 10

ጠፋሁ አይደል? ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ።

ጉንዳኖቹን ሦስት ቅዳሜ ጋብዘናል። የኛዎቹ ስኳሩን አስቀደሙ፣ ጨዉን ዞር ብለው አላዩትም። ትንሿ ግምቷ ጨው ስለነበር አኮረፈች፤ በሁለተኛው ሳምንት ጨዉን ስኳር ላይ ደባልቃ አመጣች። መንገዱን በእርጥብ ጣት ሳብስ ትልቁ "እማ፣ ለምን መንገዳቸውን ቆረጥሽባቸው?" ብሎ ተቆጣኝ፤ ከዚያ ግን እስኪያገናኙት ድረስ በሆዱ ተኝቶ ጠበቀ። የለበሰው የትምህርት ቤት ሹራብ ነበር። ዝም አልኩ፤ መምህርት ምስክሬ ነሽ።

ዝም ማለቱ ግን ከሁሉ የከበደኝ ነገር ነው። ስልኬን ከፎቅ ሳላወርድ ስቀር ይቀለኛል። አንድ ቀን ይዤ ወርጄ ፎቶ ላንሳ ስል ሁለቱም ተነስተው "አሳዪን" ብለው መጡ፤ በዚያው ቀረ።

እንጨቱንም ተክለናል። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ መስከረም 26፣ ቀትር ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ነበር። ዛሬ 35 ሆነ። ልጁ ሜትሩን ሦስቴ ለካ፤ አላመነም። "እንጨቱ አደገ እንዴ?" ብሎ እንጨቱንም ለካው። ቱንቢውን የሠራው ከፎቅ በታች ግንባታ ላይ የሚሠራ ልጅ እውነተኛውን አሳይቶት ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ጥቅምት 10

እኛ የመጀመሪያውን እሑድ 97 አግኝተን ነበር፤ ዛሬ 117። ከእንጨቱ በልጧል! (እዚህ ቀትር የሚሆነው በእናንተ አባባል 7 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ሰዓት ስለሚገፉ።) ልጄ አሁን ማወቅ የሚፈልገው ኢትዮጵያ ያሉት ልጆች ለምን ጥላ እንደሚያንሳቸው ነው። ሁለቱን በቪዲዮ ብናገናኛቸውስ?

የጀሞዋ እናት | ጥቅምት 11

አገናኘናቸው እኮ፣ ላላወቃችሁ። ጨዋታው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ ጠብ ተለወጠ። የኔው "የናንተ እንጨት ረጅም ነው፣ አታለላችሁ" አለ፤ የሷ ልጅ ሜትሩን አምጥቶ በካሜራው ፊት ዘረጋ፣ በአማርኛ እየቆጠረ። ሃምሳ ላይ ሲደርስ ስድሳ አለ። የኔዋ ትንሿ አረመችው።

ጡረተኛው | ጥቅምት 11

ብርቱካን ስጫቸው። ብርቱካኑ ላይ ሁለት ክብሪት ይሰኩ፣ አንዱን ወገቡ አካባቢ፣ አንዱን ከፍ አድርገው፣ ሁለቱንም ወደ ውጭ ቀጥ አድርገው። ከዚያ በፀሐይ ፊት ይያዙት። እንዳትነግሪያቸው።

የኬጂ መምህርት | ጥቅምት 11

ጋሼ መምህር ነበሩ እንዴ? "እንዳትነግሪያቸው" የምትለዋን ወደድኳት።

የጀሞዋ እናት | ጥቅምት 17

መምህርት፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ምድር ቤት የሚኖሩ እማማ ከብሎኩ ሥር ጎመን ተክለዋል። ልጆቹ ትናንት ቅጠሉ ጀርባ ላይ ቢጫ፣ ከሰሊጥ ያነሱ እንቁላሎች ተደርድረው አገኙ። ነጭ ቢራቢሮ እዚያ ስትመላለስ ነበር። አሁን ከሥሩ አልነሳም ብለዋል። ምን እጠብቃለሁ?

የኬጂ መምህርት | ጥቅምት 17

በሳምንት ገደማ ይፈለፈላሉ። አረንጓዴ ትናንሽ ትሎች ይሆናሉ፤ ሥራቸው መብላት ብቻ ነው፣ ቅጠሉን ወንፊት ያደርጉታል። ጥቂት ሳምንት በልተው ይወፍሩና ግድግዳም አጥርም ላይ ወጥተው ራሳቸውን አጣብቀው ይተኛሉ። ከዚያ ነው ቢራቢሮው የሚወጣው። ሁሉም ለዚያ አይበቃም፤ ወፍ ይበላቸዋል፣ ተርብ ይወጋቸዋል፤ ቀድመሽ ንገሪያቸው። አስቸጋሪዋ እማማ ናቸው፤ ጎመኑ የሳቸው ነው።

የጀሞዋ እናት | ጥቅምት 18

እማማን ዛሬ ጠዋት ላናግራቸው ወረድኩ። ልጆቼ ቀድመውኝ ሄደው ለምነዋቸዋል። "አንዷን እግር ለነሱ ትቻለሁ፣ ሌላው ላይ አመድ ነስንሻለሁ" አሉኝ። የተዉላቸውን እግር ዙሪያ በጠጠር ከብበው፣ ቆርኪ በሣር አስረው በር ሠርተውለታል።